ለቅሶ የማይደርሰው ኢንጂነር

በከተማ አውቶቡስ ውስጥ እግርህን ረግጦ ይቅርታ የማይልህ ሰው ካጋጠመህ አትቆጣ፤ ኢንጂነር ነው። ቢበዛ ቀና ብሎ ያይህና «አየሩ ጥሩ ነው» ይልሃል። ዝናብ እየወረደም ቢሆን አየሩ ጥሩ ነው። ተሳፋሪው ለምዶታል። አንዱ ጣቱን እያሻሸ «ምን ያድርግ፣ መድን አለበት» ይላል፣ ሌላው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይመለሳል።

አምሳሉም ከእነዚህ አንዱ ነበር። የሕንፃ መዋቅር ኢንጂነር ነው፤ መሠረቱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ ምሰሶው ምን ያህል ይወፍር የሚለውን አስልቶ የሚፈርም። ከግራ ጆሮው ጀርባ ሽምብራ የምታህል መስሚያ ተተክላለታለች። ሕዝቡም «ሽምብራ» ነው የሚላት። ፈቃድ ያለው ኢንጂነር ሁሉ አለችው። እሱ የሚናገረውን መድን ድርጅቱ ይሰማል፤ መድን ድርጅቱ የሚለውን እሱ ይሰማል። ያለ ሽምብራ መድን የለም፣ ያለ መድን ፊርማ የለም፣ ያለ ፊርማ ደግሞ የውሻ ቤት እንኳ አይቆምም።

የመድኑን ውል ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው አለ ሲባል አልተሰማም። ዘጠነኛው አንቀጽ ግን የኢንጂነር ልጅ አፉን የሚፈታበት ነው፦ ባለመድኑ ጥፋቱን ካመነ ድርጅቱ ለተጎጂው አይከፍልም። በቃሉ ቢያምንም፣ በሥራው ቢያምንም ያው ነው። በሥራ ማመን ምን ማለት እንደሆነ ፍርድ ቤቶች ባለፉት ዓመታት እየተነተኑ ወስነውታል። ሽማግሌ መላክ ማመን ነው። ወደ ተጎጂው ቤት እንጀራ በወጥ ይዞ መሄድ ማመን ነው። ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ ደረት መምታት፣ ከሁሉ በላይ ለቅሶ መድረስ፣ ማመን ነው። ጥፋት የሌለበትን ሰው ምን አስለቀሰው ሲሉ ዳኞቹ ጠይቀው፣ መልሱን ራሳቸው ሰጥተዋል። በድርጅቱ ዋና በር ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። አባቶች ይህን የተናገሩት ለሌላ ነገር ነበር፤ አሁን ግን የድርጅቱ ነው።

የንስሐ አባቶች እንኳ ተላምደውታል። ኢንጂነር ሲመጣባቸው መስቀሉን እያሳለሙ «ልጄ፣ ከሥራህ ውጭ ያለውን ብቻ» ብለው ይጀምራሉ። ምስኪኑ ኢንጂነርም ስለ ሐሜትና ስለ ጾም መፍታት ያወራል፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይወጣል። በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ ደግሞ ፈተና አለ። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የወደቁ ድልድዮችን፣ የተሰለፉ ሬሳዎችን፣ መሬት የሚቧጥጡ እናቶችን ያሳዩሃል። ዓይንህ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ዓረቦንህ ይጨምራል፤ ከፈሰሰ ፈቃድህ ይታገዳል። አምሳሉ በዚህ ፈተና ተደናቅፎ አያውቅም። ባልደረቦቹ «ደረቁ» ይሉታል፤ በሙያው ዘንድ ትልቅ ሙገሳ ነው።

እናትና አባቱን ገና ሳያውቃቸው ያጣውን አምሳሉን ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ እታለማሁ ናት። እሷ ትምህርቷን አቋርጣ እሱ ተማረ። ያገባችውም ዘግይታ ነው፣ ባሏም ሁለት ልጆች አስታቅፏት ሞተ፦ ያፌትና ሶስና። አምሳሉ ሚስት የለውም፤ እሑድ እሑድ የሚውለው እነሱ ጋ ነበር። ያፌት ከአጎቱ ጋር ኳስ ሲጫወት ሆን ብሎ ይሸነፍለት ነበር፤ ልጁ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ቢሆንም ይሉኝታ ያውቃል። ሶስና ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምትናገረው ሁሉ ጥያቄ ነው። እታለማሁ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት መንከራተት ሲመርራት ወንድሟ አንድ ቀን እጇን ይዞ አቃቂ ወዳለ አዲስ ሕንፃ ወሰዳት።

«እኔ የፈረምኩበት ቤት ነው እትዬ» አላት። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ግቢ።»

ዓይኗን ጨፍና ገባች።

የአቃቂን ጥቁር አፈር ጠባይ የማያውቅ የለም። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ እንደ ሕፃን ያገላብጣል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጠንካራው ዐለት የት እንዳለ መታየት አለበት። ያን ጊዜ ግን መቆፈሪያው ማሽን ወረፋ ነበረው። የሕንፃው ባለቤት ቸኩሏል፣ የአምሳሉ ቢሮም ቸኩሏል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ለሌላ ሕንፃ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ ዐለቱም ቅርብ ሆኖ ተገኝቷል። አምሳሉ የጎረቤቱን ጉድጓድ ውጤት ወስዶ የራሱን መሠረት አሰላበት። በሙያው ውስጥ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ማንም ግን አደረግሁ አይልም። መሬት ከመሬት ቢጎራበት መንታ አይሆንም። ያ ዐለት ከአጥሩ ወዲህ ቁልቁል ወርዶ፣ በሕንፃው ምሥራቃዊ ክንፍ ሥር የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አምሳሉ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ክረምቱ የከበደበት ዓመት መጣ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ምሥራቃዊው ክንፍ ተንበረከከ። እታለማሁ ቅዳሴ ላይ ነበረች። ልጆቹ ተኝተው ነበር።

አምሳሉ ወሬውን የሰማው ከሰው አይደለም። ጫማውን እያሰረ ሳለ ሽምብራዋ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ክቡር ባለመድን፣ በአቃቂ የፈረሙበት ሕንፃ ላይ ጉዳት ደርሷል። ወጣት ያፌት ሕይወቱ አልፏል። ሕፃን ሶስና በሕይወት አለች። አንቀጽ ዘጠኝን እናስታውስዎታለን» አለችው። የጫማው ክር እጁ ላይ ቀረ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። ከጩኸቱ በፊት የመጣለት የጎረቤቱ ጉድጓድ ነው። ምን እንዳደረገ ያኔውኑ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አወቀ፤ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

የአምቡላንሱ ጩኸት ገና ሳይበርድ በሩ ተንኳኳ። የቆመው ከመድን ድርጅቱ የኀዘን አጋርነት ክፍል የመጣው አቶ ታረቀኝ ነበር፤ ግዙፍ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ፊቱ የቄስ ፊት የመሰለ ሰው። ክንዱ ላይ ጥቁር ጋቢ አንጠልጥሏል።

የዚህ ክፍል ሥራ ለኢንጂነር ልጆች እንደ ጅብ ተረት የሚነገር ነው። ድርጅቱ ለተጎጂ የሚከፍለው ባለመድኑ ዝም እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ባለመድኑ ዝም እንዳይል የተቻለውን ያደርጋል። ይህን ክፋት ነው የሚል የለም። ሥራ ነው፤ ደመወዝ ይከፈልበታል፣ ዓመታዊ ሽልማት አለው፣ ታረቀኝም ተሸልሞበታል።

«ኢንጂነር፣ እግዚአብሔር ያጥናዎ» አለ ታረቀኝ ሳይቀመጥ። «መኪና አምጥቻለሁ። እኅትዎ አሁን ልጃቸው ሬሳ ላይ ተደፍተዋል። አጠገባቸው ሰው የለም። እኔ ላድርስዎት።»

አምሳሉ ግድግዳውን አየ። «አየሩ ጥሩ ነው» አለ።

«ይህን ጋቢ ጣል ያድርጉ፣ ብርድ ነው።»

«አየሩ ጥሩ ነው።»

«ኳስ ይጫወቱ ነበር አሉ፣ እርስዎና ያፌት። ልጁ እየተሸነፈ ደስ ያሰኝዎት ነበር አሉ።» የታረቀኝ ድምፅ ተሰበረ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። የአዞ እንባ አልነበረም፤ ሰውዬው የሚያለቅሰው ከልቡ ነው፣ ለዚህ ሥራ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። «ይልቀሱ ወንድሜ። ሰው እኮ ነዎት። ሰው ካላለቀሰ ይፈነዳል።»

አምሳሉ ምላሱን ነከሰ፣ የደም ጣዕም መጣለት። መኪናው ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሽምብራዋ ቆየት ብላ እንደነገረችው ሶስና ከፍርስራሹ የወጣችው ደረቷ ተጨፍልቆ ነው፤ ከአሁን በኋላ የምትተነፍሰው እንደ ተማሪ ቦርሳ ጀርባዋ ላይ በታሰረ የድርጅቱ ሳንባ ነው። ሳንባው በየሰዓቱ ከድርጅቱ ፈቃድ ይቀበላል። ውሉ ከጸና አረንጓዴ ይበራል። ውሉ ከፈረሰ አይበራም፤ ሌላ ነገር የለውም። የአጎቷ አንድ እንባ የእሷን ትንፋሽ ትቆርጣለች። ይህን ለማንም ማስረዳት አይችልም፤ «ለሶስና ብዬ ነው» ማለትም ያው ማመን ነው።

ታረቀኝ እስኪመሽ አብሮት ዋለ፣ ሻይ አፈላለት፣ ስለ ልጅነቱ ጠየቀው፣ የእናቱን ስም አንስቶ «ምን ይሉ ይሆን?» አለው። በመጨረሻ እንባውን አድርቆ ሲወጣ ጋቢውን ወንበር ላይ ትቶለት ሄደ። አምሳሉ ጋቢውን በማግስቱ ጠዋት በእንጨት አንስቶ ከበር ውጭ አስቀመጠው። መንካቱም እንዳይቆጠርበት ፈርቶ ነው።

ያፌት ሲቀበር አጎቱ ቢሮ ነበር። ባልደረቦቹ ሲገባ ብድግ ብለው አጨበጨቡለት። አለቃው ኢንጂነር ሰብስቤ ትከሻውን ይዞ «ወንድ! እኛን ሁሉ አዳንከን» አለው፤ እውነቱን ነው፣ አምሳሉ ቢያለቅስ ቢሮው በሙሉ ፈቃዱን ያጣ ነበር። ምሳ ጋበዙት። ክትፎ ነበር። እየዋጠ ዋለ።

እታለማሁ የመጣችው ሰው ከድንኳኗ ከተበተነ፣ ጎረቤት ወደ ጓዳው ከተመለሰ በኋላ ነው። ጸጉሯን ተላጭታለች፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ዕድሜዋ በእጥፍ ጨምሯል። የቢሮው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። የቢሮው ሰዎች እያዩዋት በጎኗ አለፉ፤ አንዷ ወጣት ኢንጂነር ዓይኗን ጨፍና ሮጠች።

«ጠላቴ መጣ» አለች እታለማሁ። «የተጣላሁት ሁሉ መጣ። ያከራየኝና ያስወጣኝ ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ ከሬሳው ፊት ተንበረከከ። አንተ ግን ሰልስት እንኳ ሳትመጣ ቀረህ።»

አምሳሉ ሰማዩን አየ። እንባ ቀና ላለ ሰው ቶሎ አይፈስም፤ ይህንን ሁሉም ኢንጂነር ያውቀዋል።

«ሕጉን አውቃለሁ አምሳልዬ። ያቺ ልጅ በማን ሳንባ እንደምትተነፍስ አውቃለሁ። ና ቅበርልኝ አላልኩህም። ስለ ቤቱም አልጠይቅህም፣ ስለ ቤቱ አፌን አልከፍትም። ዓይንህን ብቻ እርጥብ አድርገህ እየኝ። አንድ ጊዜ። አዝኛለሁ አትበለኝ፣ ማዘንህን ልየው።»

«አየሩ ጥሩ ነው እትዬ።»

የሰማችውን ማመን ያቃታት ትመስል ነበር።

«አየሩ?»

«ጥሩ ነው።»

«በእጄ ነው ያጎረስኩህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ትኩሳት ሲይዝህ ደረቴ ላይ ነው ያደርከው። ያፌት አንተን ነው የሚመስለው ሲሉኝ ኩራት ይሰማኝ ነበር። እናታችን አንድ ወንድም ሰጥታኝ ነበር፤ እሱም እዚያ ሕንፃ ሥር ቀርቷል።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። አምሳሉ ሰማዩን እያየ ቆመ። አንገቱ እስኪደርቅ ቆመ። ሽምብራዋ በመጨረሻ «ክቡር ባለመድን፣ ጽናትዎ በመዝገብዎ ላይ ሰፍሯል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ፊቱን አዞረበት። የእድሩ ዳኛ፣ በደህናው ጊዜ ቤታቸውን በነጻ ያሳደሰላቸው ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ አስቁመው «የእኅቱን ልጅ ያልቀበረ፣ እኛም አንቀብረውም። ቅር አይበልህ» አሉት። ባለ ሱቁ መልሱን እጁ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥለት ጀመር። አንዲት የሰፈር ልጅ እናቷን «ይኼ ነው የማያለቅሰው ሰውዬ?» ብላ ስትጠይቅ ሰማት። እውነት ነው፣ አላለቀሰም። ቤቱ ውስጥም ማልቀስ አይችልም፣ ሽምብራዋ ትንፋሽን ከሣግ ትለያለች። ኀዘኑ እንደታፈነ ጭስ ውስጡ ቀረ፤ ምግብ አልዋጥለት አለ።

መላ ያገኘው ሳያስበው ነው። አንድ ቅዳሜ ገላን በኩል ሲያልፍ ድንኳን አየ። የማን ለቅሶ እንደሆነ አያውቅም። እግሩ ወሰደው። ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ፣ አልቃሿ ድምፅዋን ስታነሳ እንባው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። የሞተው አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነበር። አምሳሉ ከልጆቹ በላይ አለቀሰለት። አጠገቡ የነበሩ ሰውዬ ጀርባውን እያሹ «ምንህ ነበሩ?» ቢሉት «ባለውለታዬ» አላቸው። ሽምብራዋ ምንም አላለችም። ሕንፃው የገደለው ሰው አይደለምና ውሉ አያገባውም። የዚያን ዕለት ማታ አምሳሉ እራቱን በላ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ድንኳን ፍለጋ ይወጣል። ዱከም፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሰበታ፤ የማያውቁት አገር ሁሉ ይሄዳል። ስለ ነጋዴ አለቀሰ፣ ስለ አሮጊት አለቀሰ፣ አንድ ጊዜ ስለ ሌባ አለቀሰ፤ ለሌባው ከእሱ በቀር ያለቀሰለት አልነበረም። ሁሌም የሚያለቅሰው ለያፌት ነበር። በሰው ድንኳን የራስን ሙት ማልቀስ በእኛ አገር ነውር አይደለም፤ ሴቶቹ ሁሉ የሚያደርጉት ነው። አምሳሉ ከውሉ ያመለጠባት ቀዳዳ ይህች ብቻ ነበረች። ቀዳዳዋን ሌላም ሰው እንዳያት ግን ልብ አላለም። ሽምብራዋ ትሰማ የለም እንዴ።

ድሬ በተባለው ሰፈር ያገኘው ድንኳን ትልቅ ነበር። አዲስ ነው፣ ሸራው ገና የሱቅ ሽታ አለው። ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ቦታ የሚሻማ የለም፣ ዘግይቶ የመጣ የለም፣ ከሁሉም በላይ በሹክሹክታ የሚያማ የለም። ሐሜት የሌለበት ለቅሶ ቤት አምሳሉ በዕድሜው አላየም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን እንባ ይዞ ስለመጣ የሚጠረጥርበት ሐሳብ አልነበረውም። ፊት ለፊት የአንድ ወጣት ፎቶ ቆሟል፤ የማያውቀው ልጅ ነው። ደህና፣ አለ በልቡ፣ የሰው ልጅ ነው። ተቀመጠ፣ ነጠላውን አዘቀዘቀ፣ ማልቀስ ጀመረ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ብድግ አለች። ጸጉሯ ገና አልበቀለም። አምሳሉ ያወቃት በትከሻዋ ነው፤ ያ ትከሻ ከልጅነቱ ጀምሮ ያዘለው ትከሻ ነው።

እታለማሁ ወደ ወንድሟ አላየችም። ፎቶው ፊት ቆማ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ በዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፅዋ አወጣችው፦

«የሰው ልጅ ሞተ ሲሉ ለቅሶ መጣሁኝ፣
የኔን የማለቅስበት ድንኳን አጣሁኝ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። አምሳሉ ሁለቱን እጆቹን አፉ ላይ ጫነ። ሂድ፣ ተነስ፣ ውጣ አለው አንድ ነገር። እሱ ግን አልተነሳም። ደግሞስ የሰው ለቅሶ ነው፤ ፎቶው የሰው ነው፤ የያፌት ስም አልተጠራም። እሷ ቀጠለች፦

«ቤት ሠራልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ስገባ፣
ለካስ ለልጄ ነው ያበጀው ጉድባ።»

ስድብ አልነበረም። ቁጣም አልነበረባትም። ሰው ከሄደበት እንዲመለስላት የምትጠራ ሰው ድምፅ ነበር። በለቅሶ ላይ ደግሞ ሙሾ ሲወርድ ዘመድ ዝም አይልም፤ ይነሳል፣ ደረቱን ይመታል፣ ይመልሳል። አምሳሉ ይህን ከማንኛውም ውል በፊት ነው የተማረው። መቼ እንደተነሳ አላወቀም። ደረቱን ሲመታ ራሱን ያገኘው መሐል ድንኳን ላይ ነው።

«እኔ ነኝ እትዬ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ የገደልኩት! አፈሩን አላየሁትም፣ የጎረቤቱን ጉድጓድ ወስጄ ነው የፈረምኩት! ቆፍሬ አላየሁም! ልጄን፣ ያፌቴን፣ በገዛ እጄ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው!»

መሬት ላይ ተደፋ። አፈሩን እየዘገነ ራሱ ላይ በተነ። ሣጉ ከሆዱ እየተነቀለ ወጣ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብሎ ማንም አያስብም። እታለማሁ ሮጣ መጥታ ወደቀችበት፣ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ግንባሩን ሳመች፣ ተያይዘው አለቀሱ። አምሳሉ ለአፍታ ያህል ደስ አለው። ይህን ደስታ ካልሆነ በምን ስም ይጠሩታል? እኅቱን አገኘ፣ የልጁን ለቅሶ አለቀሰ፣ እውነቱን ተናገረ።

ቀና ሲል ድንኳኑ ጸጥ ብሏል።

የሚያለቅሱት ሁሉ አቁመዋል። አንዱ አፍንጫውን አብሶ ሰዓቱን አየ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከኋላ በኩል ወንበር መታጠፍ ተጀመረ፤ እየታጠፈ ይደረደራል፣ እየተደረደረ መኪና ላይ ይጫናል። አንድ ሰው የወጣቱን ፎቶ አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ሽምብራዋ በዚያው በለስላሳ ድምፅዋ ተናገረች። «ክቡር ባለመድን፣ ጥፋትዎን ስላመኑ ሽፋንዎ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ተቋርጧል። በሽፋኑ ለተጎጂዎች ይሰጡ የነበሩ አገልግሎቶች በሙሉ ይህ ሰዓት ሲሞላ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ፣ ይቆማሉ። ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን።»

ታረቀኝ ከድንኳኑ በር ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አልቅሷል፣ እንደ ወትሮው ከልቡ። ጎንበስ ብሎ የአምሳሉን ትከሻ ዳሰሰ።

«ቀለል አለዎት አይደል ኢንጂነር?» አለ።

አምሳሉ እኅቱን አየ። እታለማሁ ወንበር የሚያጥፉትን ሰዎች አላየችም፣ ታረቀኝንም በምስጋና ነው ያየችው። ፊቷ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሏል።

«አለቀስክልኝ» አለችው። «ወንድሜ አለቀሰልኝ።»

«እትዬ፣ ማነው እዚህ ያመጣሽ?»

«አቶ ታረቀኝ ናቸዋ። እግዜር ይስጣቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ድንኳን ውስጥ እንደምታለቅስ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ልቤ እንዴት እንደተሰበረ! እኔ ድንጋይ ነው ብዬህ ነበር። የሰው ለቅሶ ላይ ብትገናኙ ውሉ አይነካውም፣ ለሶስናም አያሰጋትም አሉኝ። ምነው፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ሶስና የት ናት?»

«ጎረቤቴ ጋ፣ አስናቁ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት። ጋሼን ይዤልሽ እመጣለሁ ብያታለሁ። መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነው የከረመችው፣ ለእሱ ብቻ የማሳየው ነገር አለኝ ትላለች፣ ለኔ እንኳ አታሳየኝም። ተነስ፣ አፈሩን ከራስህ ላይ ላራግፍልህ፤ እንዲህ ሆነህ ካየችህ ትደነግጣለች።»

አፈሩን በመዳፏ አራገፈችለት፤ በልጅነቱ ከሜዳ ሲመለስ እንደምታደርገው ከግንባሩ ጀምራ ወደ ኋላ። አምሳሉ እጇን ያዘው። ሊናገር አፉን ከፈተ። አሁን ምንም ቢናገር የሚፈርስ ውል የለም፣ ሁሉንም መናገር ይችላል። ቃል ግን አልመጣለትም። ታረቀኝ ድንኳኑን የሚያፈርሱትን ሰዎች «ቀስ ብላችሁ፣ ኀዘንተኞች አሉ» እያለ ወደ ዳር ገለል አደረጋቸው።

የእታለማሁ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችው።

«አስናቁ ናት» አለች። «ሶስና ናት ያስደወለቻት፣ መጠበቅ መቼ ታውቃለች።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ወንድሟን እጁን ሳትለቅ፣ ፈገግ እንዳለች ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።